ስሙን ያልጠየቁት በሬ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፤ እንቅልፍ የያዘው ነገ ከሰማው ይዋስ።

ድሮ፣ ሰው ከበሬ ብልጥ ነው ይባል በነበረበት ዘመን፣ ደምሌ የሚባል ገበሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃል ብቻ ይሰስታል። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። እንዲህ ያለ ስም ይዛ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባሏ አፍ የሰማችው «ስሚ» የሚለውን ብቻ ነው። እሷም ድስት ስታወርድ ታንኳኳለች፣ በር ስትዘጋ ጓ ታደርገዋለች። መንደርተኛው ነገረኛ ይላታል። መንደርተኛ መቼም ሁሉን ያውቃል።

አንድ ዓመት ከደምሌ ሁለት በሬዎች አንዱ ሞተ። እሱም ማንጠግቦሽ ከአባቷ ቤት ያመጣቻቸውን ሁለት ጊደሮች ነድቶ ወንዝ ተሻገረ፤ ባሏ ከሞተባት ሴት ዘንድ ሻኛው ወደ ጎን የወደቀ ቀይ በሬ ለውጦ መጣ። ሴትዮዋ የበሬውን ስም ልትነግረው ስትል፣ «ስሙ ይታረስበታል እንዴ?» ብሎ ገመዱን ጎትቶ ሄደ።

በሬው በማግስቱ ተጠመደ፤ ቀንበሩን ሰበረ። ሌላ ቀንበር ተጠረበ፤ ደምሌን ረገጠው፣ ሰውየው እያነከሰ ቤቱ ገባ። በሦስተኛው ቀን ትልሙ መሐል ተኛና አልነሣም አለ። ግንቦት ሊያልቅ ነው፣ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው፣ ጊደሮቹም ላይመለሱ ሄደዋል። ማንጠግቦሽ ጎተራውን እየከፈተች የቀረውን እህል ትሰፍር ጀመር።

በዚህ ጊዜ ጎረቤታቸው ሽብሩ ለምክር መጣ። ሽብሩ ምክር አይነፍግም። ጥጋብ ነው፣ ግረፈው አለ፤ እያለም የበሬውን ሽንጥ ዳበስ ዳበስ አደረገ። ደምሌ ገረፈው። በሬው ባሰበት። ሽብሩ ተመልሶ መጣ። ጥጋብ ነው፣ አስርበው አለ፤ ሻኛውን ዳበስ ዳበስ አደረገ። ደምሌ አስራበው። በሬው የጎጆውን ክዳን መዞ በላ። ሽብሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። «እንግዲህ ጾም ሳይገባ ቅርጫ እናድርገው» አለ። አሁን ምንም አልዳበሰም፤ ለክቶ ጨርሷል።

ቀኑ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ሽብሩም ከደስታው ብዛት አማቾቹን ሁሉ፣ ኑ ሥጋ ብሉ ብሎ ጠራ። በሬ ካራጁ ይውላል ይሏል ይኼ ነው።

ማንጠግቦሽ ግን በሬውን ስታየው አንድ ነገር ታዘበች። በአጥሩ በኩል ሰው ሲመጣ ጆሮውን ያቆማል፤ ሰውየው ዝም ብሎት ሲያልፍ አጥሩን ይወጋል። ይህን ጠባይ የት እንደምታውቀው ለማሰብ ብዙ አልተቸገረችም፤ ጠዋት የሰበረችው ምንቸት ገና አልተጠረገም ነበር።

ዐርብ ዕለት ወንዙን ተሻግራ ያችን ሴት ጠየቀች። «ስሙ ሸጋው ነው» አለች ሴትዮዋ። «ባሌ በስሙ እየጠራ፣ እያንጎራጎረለት ነበር የሚያርሰው። እሱ ከሞተ ወዲህ የጠራው የለም።» ይህን ብላ አለቀሰች። ማንጠግቦሽም አለቀሰች፤ ለበሬው ይሁን ለሌላ እሷ ታውቃለች።

ማታ ባሏን፣ «ይህ በሬ አልጠገበም፤ ሆድ ብሶታል። እስከ ነገ ቀትር ተወው» አለችው። ደምሌ ሳቀ። ሳቅም ከእሱ ሲገኝ ትልቅ ነገር ነውና በዚያው እሺ አሰኘችው።

ቅዳሜ ማለዳ በሬዎቹ ተጠመዱ። ደምሌ እርፉን ጨበጠ። ማንጠግቦሽ ከማሳው ዳር ቆማ፣ «ሸጋው፣ የእኔ ሸጋ፣ ና እስቲ» ስትል በሬው ጆሮውን አቆመ። በረጅሙ ተነፈሰና ትልሙን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ስትጠራው ይሄዳል፤ ዝም ስትል ይቆማል። ሦስት ትልም ከታረሰ በኋላ ምሳ ልትሠራ መሄዷን ተናግራ ነጠላዋን አጣፋች።

የሄደች መሰላችሁ? ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀመጠች። በሬው ቆመ። ደምሌ ጅራፉን አነሣ፤ አሰበና መለሰው። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ጎልማሳ ሰው በሬ ሲያቆላምጥ የሚሰማ እንዳይኖር ፈርቶ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው፣ «ሸ… ሸጋው» አለ። በሬው ሄደ። ረፋዱ ላይ ደምሌ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ አያምርም፤ በሬው ግን ቅር አላለውም። ማንጠግቦሽም ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቀትር ላይ ሽብሩ ቢላዋውን ስሎ፣ አማቾቹን አስከትሎ ሲደርስ የሚታረድ የለም። ሥጋ ብሉ ተብሎ የመጣ አማች ደግሞ በጎመን አይሸኝም። ስለዚህ ሽብሩ የገዛ የእርሻ በሬውን አረደ። አማቾቹ እየበሉ ደግነቱን አመሰገኑለት፤ የሽብሩ መሬትም በዚያ ዓመት ጦም አደረ።

ደምሌ ለምሳ ገባ። ማንጠግቦሽ ወጥ እያወጣች ነበር። በሩ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማንጠግቦሽ» አለ።

እንግዳ የመጣ መስሏት ዞር አለች። ከባሏ በቀር ማንም አልነበረም። ጭልፋውን አስቀመጠችው፤ ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ።

በሬው በአንድ ማለዳ የገባውን ነገር ሰውየው በዐሥራ አንድ ዓመት ገባው። እሱም ቢሆን ተምሮ ነው፤ የማይማርም አለ። እኔ ተረቴን ከቀንበሩ ፈታሁት፤ እናንተ ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ ከመቶ ጅራፍ አንድ ቁልምጫ።