ሁለት ጣት ፀጉር

ጆሯችሁን ለጥቂት ጊዜ አውሱኝ። ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም፤ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በእኔ በአስካለ ላይ የደረሰ ነው። የሰው ልጅ በመያዝ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እኔ ራሴን የሞግዚቶች ሁሉ አለቃ አድርጌ ነው የማየው፤ ሌላ ሰው እንደዚያ አይቶኝ ባያውቅም።

አሁን የምይዘው ልጅ ዮፍታሔ ይባላል፤ ዮፊ እንለዋለን። ሁለት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ መቀስ ስላልነካው ፀጉሩ ግንባሩን አልፎ፣ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ላይ ወርዷል። ገንፎ ሲበላ ፀጉሩም አብሮት ይበላል። በማስያዣ ባስይዘው ነቅሎ አፉ ውስጥ ከተተው። በላስቲክ ባስረው እናቱ «ፀጉሩ ይሰበራል» አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ወደ እኔ ሲሮጥ የበሩን መቃን አላየውም፤ ግንባሩ እንደ ሎሚ አበጠ። እሱ አለቀሰ፤ እኔ ከእሱ ብሼ አለቀስኩ። እሱ ለቅሶውን ሲተው እንኳ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። ሁለት ጣት ፀጉር ከፊቱ ይነሳለት። ሁለት ጣት ብቻ!

በራሴ እጅ እንዳልቆርጠው ሞግዚት ነኝ፤ የሰው ልጅ ፀጉር ያለፈቃድ አይነካም። ስለዚህ እናቱ ፍሬሕይወት ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ለምሳ ስትመጣ ጠብቄ የልጁን ግንባር አሳየኋት።

«ውይ የኔ ጌታ!» ብላ ሳመችው። «እትዬ፣ ሁለት ጣት ቢቆረጥ እኔም አልጠላም። ግን መቀስ አንዴ ከገባ፣ አባቱ ደረሰ ዝም አይልም። ጎንና ጎኑን ላጭቼ ኳስ ተጫዋች አስመስለዋለሁ እያለ ነው። ጎኑን አልነካም ብሎ ቃል ይግባልኝ፣ ያኔ እሺ እላለሁ።»

ደረሰ ባሏ ነው፣ የዮፊ አባት። እንግዲህ ደረሰ ቃል ካልገባ ፍሬሕይወት እሺ አትልም፤ ፍሬሕይወት እሺ ካላለች ፀጉሩ አይቆረጥም፤ ፀጉሩ ካልተቆረጠ ዮፊ አያይም።

ዮፊን አዝዬ ወደ ደረሰ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ሄድኩ። የአንዱን ስልክ ሆድ ከፍቶ አጎንብሷል።

«ደረሰ፣ የልጁን ጎንና ጎን አልነካም ብለህ ቃል ግባ» አልኩት።

ቀና አለ። «እኔስ ምን ከፋኝ፣ እትዬ? ጎኑን ልላጨው ያልኩት እኮ ለእማዬ ብዬ ነው። እሷ ዙሪያውን ተላጭቶ መሀል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለት ትላለች። ፍሬ ደግሞ አንዲት ዘለላ አትነካም ትላለች። እኔ ጎኑን ለእናቴ፣ አናቱን ለሚስቴ ብዬ ያካፈልኩት ለሰላም ብዬ ነው። እማዬ ቁንጮውን ትተው፤ እኔ አሁኑኑ ቃል እገባለሁ።»

የአንድ ፍሬ ልጅ ራስ እንደ እርሻ መሬት ተካፍለውታል! ይህን በሆዴ አልኩ። እውነት ለመናገር በሆዴ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እንግዲህ እማማ ቁንጮውን ካልተዉ ደረሰ ቃል አይገባም፤ ደረሰ ቃል ካልገባ ፍሬሕይወት እሺ አትልም፤ ፍሬሕይወት እሺ ካላለች ፀጉሩ አይቆረጥም፤ ፀጉሩ ካልተቆረጠ ዮፊ አያይም።

የደረሰ እናት እማማ ውብዓለም ጓሮ ጎመናቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ቁንጮውን ይተዉት» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ?»

«ልጁ ማየት ስላልቻለ።»

የልጁን ግንባር ዳሰሱና ጆጉን አስቀመጡ። «መተዉንስ እተወዋለሁ፤ እኔ ድንጋይ አይደለሁም። ግን የመጀመሪያ ፀጉሩን ያገኘው ሰው ሁሉ አይነካውም። የአባቱን የቆረጠው ሙሄ ነው፤ የአክስቱንም ሙሄ ነው። ሙሄ ይቁረጠው እንጂ እንዳሻቸው ያድርጉት። ሙሄ ደግሞ ፀጉር ቤቱን ዘግቷል አሉ።»

ሙሄ ዘግቷል! እንግዲህ ሙሄ ካልከፈተ እማማ ቁንጮውን አይተዉም፤ እማማ ካልተዉ ደረሰ ቃል አይገባም፤ ደረሰ ቃል ካልገባ ፍሬሕይወት እሺ አትልም፤ ፍሬሕይወት እሺ ካላለች ፀጉሩ አይቆረጥም፤ ፀጉሩ ካልተቆረጠ ዮፊ አያይም።

ሙሄ የተዘጋ በሩ ሥር ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር ዳማ ይጫወታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ክፈት እንጂ! ከተማው በጎፈሬ ሊሞት ነው» አልኩት።

«ከፍቼ በምን ልሥራ? የወንበሬ እግር ተሰብሯል። ጭቃ ላይ አስቀምጬ እንዳልቆርጥ ወገቤ አይታጠፍልኝም። ለከድር እንዲበይድልኝ ከሰጠሁት ሦስት ሳምንቱ። ወንበሬን ያምጣልኝ፣ ያን ጊዜ የልጅሽን ፀጉር ቀርቶ ያንቺንም እቆርጣለሁ።»

እንግዲህ ከድር ካልበየደ ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ ሙሄ አይከፍትም፤ ሙሄ ካልከፈተ እማማ ቁንጮውን አይተዉም፤ እማማ ካልተዉ ደረሰ ቃል አይገባም፤ ደረሰ ቃል ካልገባ ፍሬሕይወት እሺ አትልም፤ ፍሬሕይወት እሺ ካላለች ፀጉሩ አይቆረጥም፤ ፀጉሩ ካልተቆረጠ ዮፊ አያይም። ዮፊ ግን በዚህ ጊዜ ጀርባዬ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ላቡ የእኔ ነው፣ እንቅልፉ የእሱ።

ከድር ግቢው በብረት በር ተሞልቷል፤ ብየዳው ግን ቀዝቅዟል። ሐያት የምትባለው የሦስት ዓመት ልጁ አንገቱ ላይ ተቀምጣ ሁለት ጆሮውን ይዛ ትነዳዋለች። ፀጉሯ ከአንድ ወር ወዲህ ማበጠሪያ ያየ አይመስልም።

«ከድር፣ የሙሄን ወንበር በይድ» አልኩት።

«ልጅ አጠገቤ እያለች እንዴት ልበይድ፣ እትዬ አስካለ? ብልጭታው ዓይኗን ይጎዳታል። እናቷ ፋብሪካ ነው የምትውለው። የሚስቴ እናት ነበሩ የሚይዙልን፤ አኩርፈው ቤታቸው ከገቡ ወር ሊሆናቸው ነው። እሳቸው ይምጡልኝ፣ ወንበሩን በሩብ ሰዓት እጨርሰዋለሁ።»

«በምን ነገር አኮረፉ?»

ከድር መሬት መሬት አየ። «እሱን እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

የሚስቱ እናት ዘሃራ ናት፤ አውቃታለሁ፤ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ነው። እየተንገበገብኩ ሄድኩ። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጀሁ። እኔ በንግግር አልታማም። እንግዲህ ዘሃራ ካልመጣች ከድር አይበይድም፤ ከድር ካልበየደ ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ ሙሄ አይከፍትም፤ ሙሄ ካልከፈተ እማማ ቁንጮውን አይተዉም፤ እማማ ካልተዉ ደረሰ ቃል አይገባም፤ ደረሰ ቃል ካልገባ ፍሬሕይወት እሺ አትልም፤ ፍሬሕይወት እሺ ካላለች ፀጉሩ አይቆረጥም፤ ፀጉሩ ካልተቆረጠ ዮፊ አያይም። ሁሉም በአንዲት ሴት ኩርፊያ!

ዘሃራ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጣት ጀመርኩ። ትልቅ ሰው በልጅ ላይ እንደማያኮርፍ ነገርኳት። ኩርፊያ ቤት እንደሚያፈርስ ነገርኳት። የዮፊን ግንባር አሳየኋት። በንግግሬ ራሴው ተነክቼ ዓይኔን ጠረግሁ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«የሐያት ልደት ዕለት እኔ ነኝ ያሳመርኳት። ከጠዋት ጀምሬ አበጥሬ፣ ጎንጉኜ፣ ሰባት ሪባን አስሬላት። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ ልጅቷን አየችና ምን አለች መሰለሽ? ‹ይቺ ልጅ ናት ወይስ የሙሽራ መኪና?› ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐያት መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። ከዚያ ወዲህ ያቺን ልጅ ለማበጠር እጄ እምቢ አለኝ። ያለችው ሰው መጥታ ይቅርታ እስክትጠይቀኝ አልሄድም።»

«ማናት ይቺ አፈ ክፉ?» አልኩ። ወላዲቷን! ከልቤ ነው የጠየቅሁት።

ዘሃራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ልደቱ ትዝ አለኝ፤ ሳቁ ትዝ አለኝ። ይባስ ብሎ ንግግሬ ጣፍጦኝ በማግሥቱ ሦስት ቤት ዞሬ የደገምኩት ትዝ አለኝ።

እንግዲህ አስካለ ይቅርታ ካልጠየቀች ዘሃራ አትመጣም፤ ዘሃራ ካልመጣች ከድር አይበይድም፤ ከድር ካልበየደ ወንበሩ አይቆምም፤ ወንበሩ ካልቆመ ሙሄ አይከፍትም፤ ሙሄ ካልከፈተ እማማ ቁንጮውን አይተዉም፤ እማማ ካልተዉ ደረሰ ቃል አይገባም፤ ደረሰ ቃል ካልገባ ፍሬሕይወት እሺ አትልም፤ ፍሬሕይወት እሺ ካላለች ፀጉሩ አይቆረጥም፤ ፀጉሩ ካልተቆረጠ ዮፊ አያይም። ከእኔ ወዲያ የማላክክበት ሰው ፈለግሁ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም።

«ዘሃራ፣ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው። ልጅቷ መደበቋን አላየሁም፤ ሳቁን እያዳመጥኩ ነበር። ይቅር በይኝ።»

«በአፍሽ ብቻ አይበቃኝም» አለች። ቤት ገብታ ሪባኖቹን አመጣች። «በእጅሽም ነው።»

ከድር ግቢ ሄድንና ሐያትን ጉልበቴ ሥር አስቀመጥኳት። አበጠርኩ፣ ጎነጎንኩ። እንዴት እንደማስር ሳልጠይቃት «ሰማያዊው እዚህ! ቀዩ እዚያ! አይ፣ ጠብቆብኛል!» እያለች አዘዘችኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ስንቱን እናት በልጅ ፀጉር ስገሥጽ ኖሬያለሁ፤ ልጅን ግን «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አላውቅም። ሰባተኛው ሲታሰር መስታወት ፊት ቆመች፤ ከዚያ አልነሳም አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም የሙሽራ መኪና ትመስላለች። ምላሴን ነከስኩ። «አምሮብሻል» አልኳት፤ ሳቋን ሳይ ደግሞ እውነትም አማረባት።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። አስካለ ይቅርታ ጠየቀች፣ ዘሃራ መጣች፤ ዘሃራ መጣች፣ ከድር በየደ፤ ከድር በየደ፣ ወንበሩ ቆመ፤ ወንበሩ ቆመ፣ ሙሄ ከፈተ፤ ሙሄ ከፈተ፣ እማማ ቁንጮውን ተዉ፤ እማማ ተዉ፣ ደረሰ ቃል ገባ፤ ደረሰ ቃል ገባ፣ ፍሬሕይወት እሺ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሙሄ ፀጉር ቤት ታጭቀን ዮፊ ወንበሩ ላይ ወጣ።

ሙሄ መቀሱን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አንቀጫቀጨ። ሁለት ጣት ፀጉር ወደቀ። ፍሬሕይወት በመሐረብ ሰብስባ አለቀሰች። ደረሰ የልጁን ጎን እያየ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እማማ ውብዓለም «ቁንጮ ቢሆን ያምርበት ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው ነው ያሉት፣ ሁላችንም ሰማን።

ዮፊ ዓይኑን ፈጠጥ አድርጎ ዙሪያውን አየ። እናቱን አይቶ ሳቀ። አባቱን አይቶ ሳቀ። ከዚያ እኔን አየ። ሁለት ዓመት አዝዬዋለሁ፤ አሁን አንገቴን ሊያቅፍ ነው ብዬ እንባዬን አዘጋጅቼ ፊቴን አስጠጋሁለት።

አገጬን ጨመደደ። «ጢም!» አለ።

ዓይን ሁሉ አገጬ ላይ ዐረፈ። ሦስት ዘለላ ናቸው፤ እሺ፣ አምስት። በሩ ላይ ሐያትን ይዛ የቆመችው ዘሃራ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የምለውን እኮ አውቀዋለሁ። ሐያትን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሙሄ ዮፊን አወረደና ወንበሩን በጨርቅ ወለወለ።

«ወንበሩ ላይ ውጪ እንግዲህ፣ አስካለ» አለኝ።

ቃል ሳልተነፍስ ወጥቼ አገጬን ሰጠሁት።