ያጠፋው ባልዲ

ተረት አለኝ፤ መጀመሪያ ግን አቀማመጣችሁን ላስተካክል። በልቡ ቅናት የሌለበት ወደ ኋላ ይሂድ። ቅናት ያለበት ወደ እሳቱ ጠጋ ይበል። ምነው፣ ወደ ኋላ የሄደ አንድም የለም? ጥሩ፣ ተዋውቀናል ማለት ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃም እንደ ሰው ይናገር በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ብርድ አስመረራቸው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከውሃው ላይ የሚነሳው ነፋስ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቢቸግራቸው ተሰብስበው የዳርቻው ጌታ ወደነበረው ወደ አያ ጉማሬ ሄዱ።

«ጌታው፣ አሸዋው ላይ እሳት እንድናነድ ይፍቀዱልን» አሉት።

አያ ጉማሬ አፍንጫውን ብቻ ከውሃው አውጥቶ ብዙ አሰበ። ከአሸዋው ወዲያ ደረቅ ሸምበቆ አለ፤ ሸምበቆው ውስጥ ደግሞ የእትዬ ዳክዬ ዕንቁላሎች አሉ።

«ፈቅጃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ስሙኝ። እሳቱ ከሸምበቆው ርቆ ባዶ አሸዋ ላይ ይነዳል። አመድ እስኪሆን ድረስ ማንም ጥሎት አይነሳም። ውሃ የሞላ ባልዲም ከአጠገቡ አይለይም። አንዲት ሸምበቆ ብትቃጠል ግን እሳት የሚባል ነገር በዚህ ዳርቻ አላይም!»

ባልዲ ከየት ይምጣ? ዓሣ አጥማጆች ረስተውት የሄዱት አንድ የቆርቆሮ ባልዲ ነበር። ሲመርጡት ደስታውን አልቻለውም። «እኔ ከሌለሁ እሳት የለም!» እያለ ደረቱን ነፋ። እስከ አፉ ሞሉትና ከእሳቱ በስተኋላ አስቀመጡት።

እሳቷ ተቀጣጠለች። አቤት ስታምር! ሁሉም ፊቱን ወደ እሷ፣ ጀርባውን ወደ ባልዲው አደረገ።

ጦጢት ደረቅ ጭራሮ መርጣ አመጣች። ባልዲው «ጦጢት፣ እንደምን አመሸሽ?» አላት። እሷ ግን «እሜቴ እሳት፣ ይቺን ቅመሺልኝ» እያለች አለፈችው።

ከርከሮ መጣ። ባልዲው «አያ ከርከሮ፣ እንደምን አመሸህ?» አለው። ከርከሮ ጀርባውን በባልዲው ጠርዝ አከከና ወደ እሳቷ ሄደ።

እትዬ ዳክዬ መጣች። ለዕንቁላሎቿ ሙቀት ልትወስድ ነው አመጣጧ። ባልዲው «እትዬ ዳክዬ፣ እባክሽ አንዴ እይኝ» አላት። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። ውሃው ላይ ነበልባሉ ይጨፍራል። «ወይ ውበት!» አለች፤ «እሳቷ እኮ አንተ ሆድ ውስጥ እንኳ ታምራለች!»

ይኼ ነው የጨረሰው። በገዛ ሆዱ ውስጥ እንኳ እሷ! ውሃ ሞልቶት ሳለ ውስጡ ነደደ።

ነገረኛው ነፋስ ይህን አየና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ባዶ ብትሆን ከበሮ ትሆን ነበር» አለው። «ከበሮን ደግሞ ጀርባ የሚሰጠው የለም።»

«የአያ ጉማሬስ ትእዛዝ?»

«ሐይቁ እዚሁ አይደል? ውሃ ቢፈለግ ውሃ ሞልቷል።»

ባልዲው ትንሽ ዘመም አለ። አሁንም ዘመም አለ። ከዚያ ዷ! ብሎ ወደቀ። አሸዋው ውሃውን ምጥጥ አድርጎ ጠጣው።

«ውይ ባልዲዬ! ነፋስ ጣለህ?» አለች ጦጢት።

«አዎ፣ ነፋስ ጣለኝ» አለ ባልዲው።

«ድምፅህ ግን እንዴት ያምራል!» ብላ አፉን ወደ ታች ደፍታ ትመታው ጀመር። ድም፣ ድም፣ ድም! ከርከሮ ዞረ። እትዬ ዳክዬ ዞረች። ሁሉም ፊቱን ወደ ባልዲው፣ ጀርባውን ወደ እሳቷ አደረገ። ባልዲው ሆዬ፣ በዱላ እየተነረተ በደስታ ሰከረ።

ቅናት ግን ሥራ አይፈታም። ከባልዲው ወጥቶ እሳቷ ውስጥ ገባ። «እኔን የመሰለች ቆንጆ ትተው ቆርቆሮ!» ብላ በንዴት አንገቷን አሰገገች። ነፋስ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ አንዲት ፍንጣሪ አንስቶ ሸምበቆው ላይ ጣላት።

«ዕንቁላሎቼ!» ብላ ጮኸች እትዬ ዳክዬ።

«ባልዲ! ውሃ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሆነ። ሲመኘው ያመሸው ይህንን ነበር፤ እሱ ግን ተደፍቶ ነበር፣ ጠብታም አልነበረውም።

«ጎትቱኝ!» አለ እያለቀሰ። «ወደ ሐይቁ ጎትቱኝ!»

ከርከሮ እጀታውን በክራንቻው ይዞት ሮጠ። ቀዱ፣ ደፉ፤ እሳቱ አልበረደም። ቀዱ፣ ደፉ፤ አሁንም አልበረደም። ለሦስተኛ ጊዜ ቀድተው ሲደፉ እሳቱ ጭስ ብቻ ሆነ። የሸምበቆው ዳር ጠቁሯል፣ የጎጆው ጠርዝ ተለብልቧል። ዕንቁላሎቹ ግን ተርፈዋል።

አያ ጉማሬ ጭሱ ሸቶት እየተንደረደረ መጣ። «ማነው ያጠፋው?» ብሎ ጮኸ።

«ባልዲ ነው ያጠፋው!» አሉ ሁሉም በደስታ።

አያ ጉማሬ ባልዲውን ሊጨፈልቀው እግሩን አነሳ።

«ኧረ ጌታው!» አለች ጦጢት፤ «እሳቱን ማጥፋቱን ነው የምንለው! ጥፋቱማ የነፋስ ነው። ባልዲውን ጥሎት እኮ ነው።»

ነፋስ ይሄኔ ሐይቁን ተሻግሯል። ሁሉም ባልዲውን በፍቅር ያዩታል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። እትዬ ዳክዬን አያት፤ ዕንቁላሎቿን በመንቆሯ አንድ በአንድ እየነካካች ነበር።

«ነፋስ አልጣለኝም» አለ ባልዲው። «ውሃዬን ያፈሰስኩት እኔው ነኝ። እሷን ስታዩ እኔን ስላላያችሁኝ ቀናሁ። እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።»

አያ ጉማሬ እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ። «ያጠፋም እሱ፣ ያጠፋም እሱ! እና ልቅጣው ወይስ ልሸልመው?»

«ከፊት ይቀመጥ» አለች እትዬ ዳክዬ። «ሞልቶ ከጎኔ ይቀመጥ። እኔ አየዋለሁ።»

አያ ጉማሬ እግሩን አሸዋው ላይ መለሰ። «ለዘንድሮ እሳት በቃ፤ ቃሌ ቃል ነው። ለከርሞ ግን ባልዲው እውነቱን ስለተናገረ እፈቅዳለሁ። ሞልቶ፣ ከፊት ይቀመጣል።»

የዚያን ዓመት ብርድ ሁሉም እየተንቀጠቀጠ አሳለፈ። ባልዲውም የከርከሮን ጥርስ ሲንገጫገጭ በሰማ ቁጥር አፈረ።

በዓመቱ እሳቷ ነደደች፤ ባልዲውም ሞልቶ ከፊት ተቀመጠ። ጦጢት ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አንድ ቅል ይዛ መጥታ ትደልቅ ጀመር። ሁሉም ወደ ቅሉ ዞረ። ቅናቱ ለቀቀው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ባልዲው ተንቀጠቀጠ፣ ከጠርዙም አንዲት ጠብታ ጠብ አለች።

«ሞልተሃል?» አለችው እትዬ ዳክዬ።

«ሞልቻለሁ» አለ፤ ጥርሱን ነክሶም ተቀመጠ።

እናንተም ይህን ያዙልኝ፤ የቀና ሁሉ አላጠፋም፣ ያጠፋው የደፋው ነው። ተረቴ አለቀ፤ እሳቱ ግን አመድ እስኪሆን ማንም እንዳይነሳ። ያንን ከኋላችሁ ያስቀመጣችሁትን ባልዲም ወደ ፊት አምጡት።