የሰዓዳ ቀሚስ

ሐይቅ ገበያ ላይ ሁለት ወጣቶች በማይረባ ሰበብ ሲመላለሱ ሰው ካየ፣ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። አባባሏን የማይላት የለም፤ ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ይመር የሚባል ጎረምሳ ነበረ። የይመር ስፌት ጨርቁ አልቆ ክሩ ይቀራል ይባልለታል። አፉም እንደ መቀሱ ስል ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ያስቃል፣ ከዚያ ይለካል። አንድ ቀን ሰዓዳ የምትባል የእትዬ መሬማ ልጅ ለወንድሟ ሰርግ ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቋን በፌስታል ይዛ መጣች።

«እጅሽን ዘርጊ» አላት ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ።

«ዘረጋሁ። ምን ልትሰጠኝ ነው?»

«ለጊዜው ያለኝ ሜትር ብቻ ነው።»

«ሜትርህማ የመጣችውን ሴት ሁሉ ያቅፍ የለ!»

ይመር የለካውን ረሳና እንደገና ለካ፤ ያንንም ረሳው። ለሦስተኛ ጊዜ ዘርጊ ማለት አሳፍሮት በግምት ቆረጠው። ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

ሰዓዳ ግን አልተቆጣችም። «ለሰርግ ነው ያልኩህ፤ ወንዝ ልሻገርበት መሰለህ?» ብላ ሳቀች። እሱም እየሳቀ ከታች ሌላ ጨርቅ ቀጥሎ አስረዘመላት።

በሳምንቱ እጅጌው ተተረተረ ብላ ተመለሰች። ይመር ደነገጠ፤ የሱ ስፌት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሰፋላት፤ የአንድ አፍታውን ሥራ ሲጫወቱበት ዋሉ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወገቡ ለቀቀ አለች። ያን ጊዜ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ክሩ አልተበጠሰም፤ በመርፌ ጫፍ ቀስ ተብሎ ተመዝዞ ነው የወጣው። ቀና ብሎ አያት። ሰዓዳ አላፊ አግዳሚውን የምትመለከት መሰለች። ወገቡን መልሶ ሰፋላት፤ ልቡ ግን ከስፌት መኪናው በላይ ይመታ ጀመር።

ሰርጉ ሲቃረብ እናቷ ቀሚሱን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት ከተፍ አሉ። አሁን ደግሞ አንገቱ ተተርትሯል።

«ሰዎች፣ ይኼን እዩልኝ! ይኼ ልብስ ሰፊ ነው? ልጄን ሰርግ መሀል ራቁቷን ሊያቆምብኝ እኮ ነው! ከእንግዲህ እዚህ ልጅ ጋ ጆንያ እንኳ የሚያሰፋ ቢገኝ እኔ መሬማ አይደለሁም!»

ገበያተኛው ከበባቸው። ሊያሰፉ የመጡ ሁለት ሴቶች ጨርቃቸውን ወደ ዘንቢላቸው መለሱ። ይመር የተመዘዘውን ክር ቢያሳይ ስሙ ይተርፍ ነበር። ሰዓዳ ከእናቷ ኋላ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ይመር አያትና ቀሚሱን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አጠፈው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። እጄ ሰንፎ ነው። አዲስ ጨርቅ ገዝቼ እሰፋላታለሁ።»

«ኧረ አይደለም!» ሰዓዳ ሻርፗን ከአፏ አወጣች። «እሱ ምን አጠፋ! የተረተርኩት እኔ ነኝ!»

እትዬ መሬማ ዞሩ። «የገዛ ቀሚስሽን? አብደሻል? ለምን?»

ሰዓዳ ፊቷን ሸፈነች። ይመር መርፌ እንደ ጠፋበት ሰው መሬት መሬቱን ያያል። እናትየው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ልብስ ሰፊውን አዩ። ቁጣቸውን አጥብቀው ሊይዙት ሞከሩ፤ ሳቃቸው ቀድሞ አመለጣቸው።

«ታዲያ ቤታችን በር አለው፣ ሽማግሌ አይልክም ነበር? ቀሚሱ ምን አጠፋ!»

ሰዉ ሁሉ አውካካ። ሴቶቹም ጨርቃቸውን መልሰው አወጡ። ይመር ግን ጨርቁን ከመቀበሉ በፊት ዘሎ ተነሳና ጎኑ ወደተቀመጡት የበረንዳው አንጋፋ ሰፊ፣ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ። ዛሬውኑ!»

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለቱን ልጆች እያፈራረቁ አዩና፣ ሰዉ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እሄዳለሁ እንጂ ልጄ፤ ድሮስ ልብ ለልብ ሲሰፋ ቀሚስ ይተረተራል!» አሉ።