የጎጆ ስድስት መቶ አርባ ጆሮዎች

አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ በድሬዳዋ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጋራዥ ጋራዥ እየተዘዋወሩ መኪና ቀብተዋል። ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ስለ እሳቸው ሁለት ነገር ይናገራሉ። እሳቸው የቀቡት መኪና መስመሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ እሳቸው የያዙት መኪና ደግሞ በቀጠሮው ቀን ወጥቶ አያውቅም።

ምክንያቱ መሸፈን ነው። መኪና በሁለት ቀለም ሲቀባ አንዱ ቀለም ሌላው ላይ እንዳያርፍ ለጊዜው የማይቀባው ቦታ በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ሌላው ቀቢ ይህን በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። ጋሽ ዘርጋው ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። የመጨረሻው ጋራዥ ባለቤት በዚሁ ምክንያት አሰናበታቸው።

"ጋሼ፣ አንተ ቀቢ አይደለህም፤ አልባሽ ነህ" አላቸው።

በድሬ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ማለት የተለመደ ነው። ጋሽ ዘርጋውን የከነከናቸው "አልባሽ" የሚለው ነው።

ሥራ በፈቱ በአራተኛው ወር፣ ሊከፈት የተቃረበ አንድ የሕፃናት የሳይንስ ቤት ዳይሬክተር አስጠሯቸው። ወይዘሮ ፈቲያ ይባላሉ። በአዳራሹ መሃል አራት ሜትር ርዝመት ያላት የጠፈር መርከብ ሞዴል ተቀምጣ ነበር። የከተማው ልጆች ተሰብስበው የጻፉት አንድ ልብ ወለድ አለ። በታሪኩ ውስጥ የድሬ ሰዎች በአንዲት መርከብ ተሳፍረው ሌላ ኮከብ አጠገብ ለመኖር ይሄዳሉ። የመርከቧ ስም ጎጆ ነው። ሞዴሏን ልጆቹ በሳሉት ሥዕል መሠረት አንድ አናጺ ከእንጨትና ከፋይበር ሠርቶ ጨርሶ ሄዷል። የቀረው ቀለም ብቻ ነው።

ልጆቹ ግን ለቀቢው አላዘኑለትም። በሥዕሉ ላይ የመርከቧ ገላ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደረደሩ ጥቁር ግራጫ ሰሌዳዎች ተሸፍኗል። በሰሌዳዎቹ መካከል ከጣት ጥፍር የማይሰፉ ነጭ መስመሮች ይሄዳሉ። በሁለቱ ክንፎችና በጭራዋ ላይ ደግሞ ቀይ መቀነቶች አሉ።

"መክፈቻው ከሃያ ቀን በኋላ ቅዳሜ ነው" አሉ ወይዘሮ ፈቲያ። "ይደርሳል?"

"ይደርሳል።"

"እርስዎ በቀጠሮ ደርሰው አያውቁም ይላሉ።"

"አልዋሹም" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "ይህ ግን ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ማንም እንዳይነካት።"

ሁለቱም አደጋውን ያውቁት ነበር። ሞዴሏ አንድ ናት፤ ከተበላሸች ፍቆ እንደገና ለመቀባት ጊዜ የለም። ጋሽ ዘርጋውም ሌላ የሚጠብቃቸው ሥራ አልነበረም። ጎጆ ከተበላሸች ጋራዦቹ ስለ እሳቸው የሚሉት ሁሉ ልክ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። መጨረሻ ላይ የሚታየው ቀድሞ ይቀባል፣ ቀድሞም ይሸፈናል። ጋሽ ዘርጋው መጀመሪያ መርከቧን በሙሉ ነጭ ቀቡ። ከዚያ ነጭ መስመር ሆኖ የሚቀረውን ሁሉ በቀጭን ፕላስተር ሸፈኑ። ቀዩን ረጩ፤ ሲደርቅ መቀነቶቹን ሸፈኑ። የሚቀረው ጥቁር ግራጫው ነው፤ እሱ ሁሉም ላይ ይረጫል። አሥራ ስድስት ቀን የፈጀው መሸፈኑ ነበር።

በዚህ መካከል የሚያደርጉት አንድ ነገር ወደ አዳራሹ ብቅ የሚሉትን ሁሉ ያስቅ ነበር። እያንዳንዱን ፕላስተር ሲለጥፉ ጫፉን እንደ ትንሽ ጆሮ ያጥፉታል፤ የታጠፈው ጫፍ አይጣበቅም። ከመታጠፉ በፊት፣ ሲታጠፍ ወደ ሥር ዞሮ ቀለም በማይደርስበት በኩል፣ በእርሳስ ቁጥር ይጽፉበታል። ያንኑ ቁጥር በልጆቹ ሥዕል ግልባጭ ላይም በቦታው ያሰፍሩታል። ጆሮው ቀና ሲል ቁጥሩ ይታያል።

ከሁሉም በላይ የሚስቀው ነስሮ ነበር። ነስሮ በከተማው በፍጥነቱ የታወቀ ቀቢ ነው፤ የሚሠራውም ጋሽ ዘርጋውን ባሰናበተው ጋራዥ ነው። ይህንን ሥራ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ ጠይቆ አልተሰጠውም። ለጋሽ ዘርጋው የአየር መጭመቂያ ማሽኑን ያዋሳቸው ግን እሱ ነው፤ ማሽኑን ለማየት በሚል ሰበብ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላል። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ በጋዜጣና በፕላስተር የተጠቀለለችውን መርከብ ዞሮ አያት።

"ጋሼ፣ ገንዘህ ጨርሰሃል። ቀብሩ መቼ ነው?"

"አርብ ነው። ና፣ ለቅሶ ትደርሳለህ።"

ነስሮ አንዱን ጆሮ በጥፍሩ ቀና አደረገው። "ሁለት መቶ አሥራ አራት። ይሄ ታርጋ ነው?"

"አትንካ። ቅደም ተከተል ነው። በመጨረሻ የተለጠፈው መጀመሪያ ይነሳል።"

"አቦ፣ የለጠፍከው አንተ፣ የምታነሳው አንተ። ለማን ነው የምትጽፈው?"

"ለራሴ። ሰኞ የማውቀውን አርብም እንደማውቀው እርግጠኛ አይደለሁም።"

ነስሮ ሳቀ፤ በማግስቱም ወሬውን ለጋራዡ ሁሉ አዳረሰው።

አርብ ጠዋት ጋሽ ዘርጋው የመጨረሻውን ጥቁር ግራጫ ረጩ። አራት ሰዓት ላይ ጨረሱ። አሁን የሚመጣው ክፍል ጊዜ የማይሰጥ ነው። ፕላስተሩ ቀለሙ እርጥብ ሳለ ከተነሳ ቀለሙ ይፈስሳል። ከጠነከረ በኋላ ከተነሳ ደግሞ ጠርዙ ይሰበርና መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ይሆናል። በድሬ ሙቀት የፕላስተሩ ሙጫም ይጋገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ፣ በጋሽ ዘርጋው ልምድ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ነው።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከአፍንጫዋ ጀመሩ። ስድስት መቶ አርባን አነሱ፤ ቀጥለው ስድስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝን። ከሥር የወጣው ነጭ መስመር እንከን አልነበረውም። ማሽኑን ሊወስድ የመጣው ነስሮ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

"ለቅሶ ልደርስ መጣሁ" አለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን አቆሙ። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አዩ። በአሥር ደቂቃ ስልሳ ፕላስተር አንሥተዋል። የቀረው አምስት መቶ ሰማንያ ነው። የቀረው ጊዜ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው።

ስህተቱ የመኪና ቀቢ ስህተት ነበር። ሁለት ቀለም ያለው መኪና ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ሠላሳ ቢሆን ነው፤ አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ያነሳዋል። ስለዚህ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለማንሳት የሚሆን ጊዜ አስበው አያውቁም ነበር። ለጎጆም ሲያቅዱ ለመሸፈን አሥራ ስድስት ቀን፣ ለመርጨት አንድ ጠዋት መደቡ። ለመግለጥ የመደቡት አልነበረም።

"ነስሮ" አሉ።

"አቤት።"

"እጅህን ታጠብ። ሮባን ጥራው። ብርነሽንም ጥራ። ወይዘሮ ፈቲያንም።"

ሮባ የጥበቃ ሠራተኛው ነው፤ ብርነሽ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ።

"ምን ሆነ?"

"ተሳስቻለሁ።"

ነስሮ ለዚህ የሚሆን ቀልድ አላጣም። አላወጣውም። ሮጠ።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ አራት ሰዎች በመርከቧ ዙሪያ ቆመው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በሕይወታቸው ከግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ከማንሳት በቀር ፕላስተር ነክተው አያውቁም። ጋሽ ዘርጋው የቁጥሩን ሥዕል በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ራቁ።

"ጆሮውን ቀና አድርጉ፣ ቁጥሩን አንብቡ። ከትልቁ ወደ ትንሹ። ወደ ላይ አትሳቡ፤ በራሱ ላይ ወደ ኋላ እጠፉት። ነስሮ፣ አንተ ቀኝ ክንፍ፣ ከአምስት መቶ ሰማንያ ጀምር። ሮባ፣ ግራ ክንፍ። ብርነሽ፣ ጀርባዋን ያዢ። ፈቲያ፣ አንቺ ጭራዋን።"

ዳይሬክተሯን አንቺ ብለው አያውቁም ነበር። ያን ሰዓት ያስተዋለው የለም።

"ጋሼ፣ እኔ ማንበብ አልችልም" አለ ሮባ።

"ታርጋ ስትመዘግብ አይደል የምትውለው?"

"ቁጥር እችላለሁ።"

"እዚህ ቁጥር እንጂ ፊደል የለም። ጀምር።"

ጀመሩ። ጋሽ ዘርጋው አንድም አላነሱም። ሥዕሉን እያዩ ቦታ ይናገራሉ፤ የተሳሳተ ጆሮ የያዘ ካለ በቁጥሩ ያቆሙታል። ነስሮ ከሁሉም ይፈጥን ነበር። አንዴ ሁለት ቁጥር ሊዘል ሲል "ሦስት መቶ ዘጠናን የት ጣልከው?" አሉት፤ ተመለሰ። ወይዘሮ ፈቲያ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል።

ብርነሽ አራት መቶ አሥራ ሁለትን ስታነሳ ወደ ላይ ሳበችው። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀለም አብራ ተነሳች።

"አበላሸሁት፣ ጋሼ።"

"ተይው። አራት መቶ አሥራ አንድ ከጎኑ ነው።"

ነስሮ ቀና ብሎ አያቸው። "ተይው" የሚል ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

አምስት ሰዓት ከአምስት ሲል አሥራ አንድ ፕላስተር ቀርቶ ነበር። በሁለት ደቂቃ ተነሱ። ከእነዚህ የሦስቱ ጠርዝ ተቆራርሷል፤ ጭራዋ አጠገብ ቀርቦ ያየ ሰው ዛሬም ያገኘዋል። የቀሩት ስድስት መቶ ሠላሳ ስድስት መስመሮች ምላጭ የቆረጣቸው ይመስላሉ።

ወለሉ በተጣጠፈ ፕላስተር ተሸፍኗል። አመድ የመሰለው ጥቅል የለም። በቦታው ነጭ ስሮቿ ከአፍንጫ እስከ ጭራ የሚሄዱ፣ ቀይ መቀነት የታጠቀች ረጅም መርከብ አለች።

"ከሥር ይህ ሁሉ ነበር?" አለ ሮባ።

"አሥራ ስድስት ቀን" አለ ነስሮ። ሥዕሉን ከጋሽ ዘርጋው እጅ ተቀብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። ማሽኑን ሳይወስድ ሄደ።

ቅዳሜ ጎጆ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ተሰቀለች። ከእንግዶቹ አንዱ ማን እንደቀባት ጠየቀ። ወይዘሮ ፈቲያ ወደ ጋሽ ዘርጋው ጠቆሙ።

"እኔ የሸፈንኩ ነኝ" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "የገለጧት አራት ናቸው።" አራቱንም በስማቸው ጠሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነስሮ በሚሠራበት ጋራዥ አንዲት ፒክአፕ ቆማ ነበር። የተለጠፈባት ፕላስተር ጆሮ ጆሮ አለው። ጋሽ ዘርጋው ከጎን ወንበር ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጋራዡ መልሶ ቀጥሯቸዋል። ነስሮ ጎንበስ ብሎ በእርሳስ ቁጥር ይጽፋል።

"ፈጠን በል እንጂ" ሲሉት ተሰምቷል። "ባለመኪናው ዛሬ ይፈልጋታል።"

ጋሽ ዘርጋው በሥራቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው፤ ግን ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም ሁሉንም ብቻዬን እጨርሰዋለሁ ብለው ነው። በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር አዳናቸው። አንደኛው "ተሳስቻለሁ" ለማለት የፈጀባቸው ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በፊት በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ የተሠራ ነው። ለራሳቸው የጻፉት ቁጥር ማንበብ የማይችለው ሮባ እንኳ የሚያውቀው ነበር። ነስሮ በሦስት ቀን ቢሸፍናት ኖሮ አርብ ዕለት አራት ሰው ቀርቶ አርባ ሰው ቢጠራ ምን እንደሚያነሱ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

እርዳታ ሲመጣ የሚይዘው ጆሮ ይፈልጋል። ያንን ጆሮ የሚያጥፈው ባለሥራው ነው፤ የሚያጥፈውም ገና ሰው ሳያስፈልገው፣ ሰውም እየሳቀበት ነው።

አሁን በእጅዎ ያለውን ሥራ ያስቡት። ዛሬ "ተሳስቻለሁ፣ እርዱኝ" ብለው ቢጣሩና አራት ሰው እጁን ታጥቦ ቢመጣ፣ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል?