የጋሼ ወልደጻድቅ ሸቭሮሌት

አንድ ሰው አሮጌ መኪና ሊገዛ ሄደ።

አሮጌ ስላችሁ እንዲያው ያረጀ መኪና እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ እዚህ አገር የገባች፣ ኮፈኗ አልጋ የሚያህል፣ ከኋላዋ ክንፍ ያወጣች የአሜሪካ ሸቭሮሌት ማለቴ ነው። ሰውየውን ዳምጠው እንበለው። ዳምጠው እንዲህ ያለ መኪና ይወዳል። መውደድ ብቻም አይደለም፣ ታሞበታል። ሚስቱ «ሸቭሮሌት ብሆን ኖሮ ዞር ብለህ ታየኝ ነበር» ትለው ነበር አሉ። እውነቷን ነው።

የመኪናዋ ባለቤት ጋሼ ወልደጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ ብርነሽ ከምትባል የእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ሐኪም መንዳት ከልክሏቸዋል። መኪናዋን ስንቱ ለምኗቸው እምቢ ብለው ነበር። ለዳምጠው ግን ሸጡለት፤ ያውም እሱ ራሱ እስኪያፍር ድረስ ዋጋውን ቀንሰው። ለምን ይመስላችኋል?

«ልጄ» አሉት፣ «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ። ባለቤቴ ያረፈችበት ደብር ከከተማ ወጣ ይላል። ቅዳሴ ሲያልቅ መቃብሯ አጠገብ ትንሽ ቁጭ እላለሁ፤ ከዚያ ትመልሰኛለህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይቺማ ምን ችግር አላት፣ ጋሼ» አለ ዳምጠው።

ማለላቸው። ከልቡም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ውሸታም አልነበረም። ውሸታም ቢሆንማ «እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ ታልፉት ነበር፤ እኔም አልነግራችሁም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ሄዱ። ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ይቀመጣሉ። መንገዱን ሙሉ ስለ መኪናዋ ያወጉታል፤ ካርቡራተሩ ሲበላሽባቸው ከጭነት መኪና ፈትተው እንዴት እንደገጠሙላት፣ የበሩን እጀታ ከየት እንዳመጡት፣ ቀለሟንም ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ግቢ ውስጥ በቡሩሽ እንዴት እንደቀቧት። ዳምጠው ይስቃል። ሲመለሱ ብርነሽ ምሳ አቅርባ ትቆያቸዋለች፣ «ዛሬስ መንገድ ላይ አልቆመችባችሁም?» እያለች ትቀልዳለች። ዳምጠው አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው፤ እነዚያን እሑዶች ይወዳቸው ነበር። ኋላ ላይ ሲናገር እንደሰማሁት፣ በዕድሜው እንደዚያ ደስ ያለው ጊዜ የለም።

ታዲያ ምን ነካው? ምን ጎደለበት?

የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር አላቸው። በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ይገዛዛሉ፣ ይሻሻጣሉ፣ ይቀናናሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ውድድር አላቸው። ዳኞቹ መኪና ሥር ተንጋለው በባትሪ ያያሉ። ብሎኑ ሳይቀር ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ዓይነት መሆን አለበት። የሌላ መኪና ዕቃ የገባባትን መኪና «ድሪቶ» ነው የሚሏት። ዳምጠው ሸቭሮሌቷን ይዞ የሄደ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ክንፈ ኮፈኗን ከፍተው ጎንበስ አሉ።

«ዳምጠው፣ ይቺ እኮ ድሪቶ ናት» አሉ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። «ግን አጥንቷ ደህና ነው። ሙሉ በሙሉ አፍርሳት። ከተፈታች በኋላ እንደ ፋብሪካዋ ከተገጠመች አንደኛ ትወጣለች።»

«ደህና ትሄዳለች እኮ» አለ ዳምጠው።

«መሄድማ ጋሪም ይሄዳል» አሉ አቶ ክንፈ።

አያችሁ፣ ሰውን ዱላ የማያደርገውን ሳቅ ያደርገዋል። በዚያው ሳምንት የሸቭሮሌቷ ሞተር ወረደ። በሮቿ ተነቀሉ። ሽማግሌውና ሚስታቸው የቀቡት ቀለም ላሜራው እስኪያበራ ድረስ ተፋቀ። ያ ከጭነት መኪና የመጣ ካርቡራተር ለቁራሌው ተሰጠ። ከዚያ ዳምጠው ለጋሼ ወልደጻድቅ ደወለ።

«ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፣ ጋሼ። እንደ አዲስ አድርጌ ነው የማመጣልዎት።»

«እኔ አዲስ አላልኩህም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይሁን እንግዲህ። ክረምቱም ጭቃ ነው» አሉት።

ክረምቱ አለፈ። ከውጭ የታዘዘው የጎን ክሮም የግራው ሲጠበቅ የቀኙ ሆኖ መጣ፤ ተመልሶ ትክክለኛው እስኪመጣ ዓመት ዞረ። የፊት መስታወቱ ሲፈታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ቀለም ቀቢው ቀለሙን ሳተው፤ እንደገና ተፋቀ፣ እንደገና ተቀባ። ማፍረሱ ሳምንት አልፈጀም፤ መግጠሙ ግን ማለቂያ አጣ። ዳምጠው ከሥራ ሲወጣ ጋራዡ ገብቶ አንዷን እጀታ ይዞ ሲወለውል ያመሻል። እየወለወለም የሚያስበው ሽማግሌውን ነው። በራቸው ላይ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ፣ እሳቸው ወጥተው የሚያበራውን ክሮም ሲዳብሱ፣ ሲገረሙ፣ ሲመርቁት ይታየዋል። ፍቅር አልነበረውም እንዴት እላለሁ? ነበረው። ሲያስባቸው ይውል ነበር፤ የማይሄደው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ይጮኻል።

«ነገ እንዴት ነን?»

«ትንሽ ቀረች፣ ጋሼ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም ትንሽ ቀረች። በዓመቱም ትንሽ ቀረች። ኋላ እያፈረ ስልኩን ማንሳት ተወ። ታክሲ ላከላቸው፤ አንዴ ሄዱበት። ሁለተኛ ሲልክ ባለታክሲውን አመስግነው ባዶውን መለሱት። «ታክሲ መጥራትማ ብርነሽም አያቅታት» አሉ። ታዲያ ምን ነበር የፈለጉት? ለእናንተ ገብቷችኋል። ለዳምጠውም ገብቶታል። ገብቶት ነው የተወው።

አንድ ቀን ብርነሽ ክንዳቸውን ይዛ ጋራዡ ድረስ አመጣቻቸው። ሸቭሮሌቷ አጥንቷ፣ ሻንሲዋ ብቻ ቀርቶ በግንድ ላይ ተቀምጣለች። ወንበሮቿ አንድ ጥግ፣ መሪዋ ሌላ ጥግ፤ ብሎኖቿ በየቆርቆሮው ተለይተዋል። ሽማግሌው አጥርተው ስለማያዩ በእጃቸው እየዳበሱ ዞሯት።

«ትሄድ ነበር እኮ» አሉ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ። አምሮባት በእሷ ልወስድዎት ብዬ ነው።»

«ደጅ የቆመችው ትንሿ መኪና የማን ናት?»

ዳምጠው ለሥራ የሚመላለስባት፣ ቁልፍ ሲነኳት የምትነሳ ትንሽ መኪና ነበረችው። «የኔ ናት» አላቸው።

«በእሷስ አንሄድም?»

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። አዎ ማለት ምን ያቅታል? ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ነገ እሑድ ነው። መኪናዋ ደጅ ቆማለች። ሽማግሌው በእግራቸው መጥተው በአፋቸው ጠይቀዋል። አዎ በል፣ ዳምጠው።

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህችማ እርስዎን አላዋርድም» አለ። «በሸቭሮሌቷ ነው የምወስድዎት። ቃሌ ነው።»

እንዲህ የሚሳሳት በመኪና ፍቅር የተያዘ ሰው ብቻ ነው። ለእሱ ቃሉ መኪናዋ ነበረች። ለሽማግሌው ግን ቃሉ እሑድ ነበር። ባልተገባች መኪና ከመምጣት ጭራሽ መቅረት አክብሮት መሰለው። ጋሼ ወልደጻድቅ አልተከራከሩትም። «እግዜር ያበርታህ» ብለው የብርነሽን ክንድ ይዘው ሄዱ።

በፍልሰታ ጾም አረፉ።

ዳምጠው ቀብር የሄደው በዚያችው በትንሿ መኪና ነው፤ ሸቭሮሌቷ ገና ሞተር አልገባላትም ነበር። አስከሬኑን ወደዚያው ደብር ከያዘው አውቶቡስ ኋላ ሲነዳ መንገዱን አየው። በየቀኑ ለሥራ ከሚመላለስበት መንገድ ያጥር ነበር።

ለቅሶ ቤት ብርነሽ አጠገብ ተቀመጠና፣ «ተቀይመውኝ ነበር?» አላት።

«አልተቀየሙህም» አለችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዛቸውን ያስተኩሱኛል። እሑድ ለብሰው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ፣ እሱ ይሆን እንዴ ይሉኛል። ሸቭሮሌት ናት ወይ ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

«እስከ መቼ?»

«ታመው እስኪተኙ ድረስ።»



ሸቭሮሌቷ በተከታዩ ዓመት አለቀች። እንዴት ያለች መኪና ሆነች መሰላችሁ። በውድድሩ ቀን ዳኞቹ ሥሯ ገቡ፣ ኮፈኗን ከፈቱ፣ ብሎን ቆጠሩ፤ እንከን አጡ። በመጨረሻ አቶ ክንፈ የፊቱን በር ከፍተው የቀኙን ወንበር በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወደ ሰዉ ዞሩና፣ «እዩት» አሉ፣ «ይህ ወንበር ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።»

በእነሱ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ሰው አጨበጨበ። ዳምጠው አለቀሰ። የደስታ መስሏቸው ፎቶ አነሱት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እናንተ ሸቭሮሌት የላችሁም። የላችሁም ማለት ግን አልፋችሁታል ማለት አይደለም። «ባዶ እጄን እንዴት ብዬ እሄዳለሁ» እያላችሁ አባታችሁን ካያችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? «ቤቱ ኮርኒስ ይግባለትና እናቴን አመጣታለሁ» የምትሉ የላችሁም? ኮርኒሱ ገብቶ ቀለሙ፣ ቀለሙ አልቆ አጥሩ ይቀራል። እናቲቱ ኮርኒስ መቼ ጠየቀች? «ወንድሜን የምታረቀው ደህና ሽማግሌ ሲገኝ ነው» ትላላችሁ። «ንስሐ የምገባው ትንሽ ከጸዳሁ በኋላ ነው» ትላላችሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ እግዚአብሔር ድሪቶ ነህ ብሎ ከደጁ የመለሰው ሰው የት አለ? ድሪቶ ብሎ የሚስቅ ሰው ነው፤ እናንተም የሰውን ሳቅ ፈርታችሁ በደህና ይሄድ የነበረውን ሕይወታችሁን ፈታታችሁት።

ከመካከላችሁ እንደ ዳምጠው የረፈደባችሁ አላችሁ። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ለእናንተ የሚሆን ማጽናኛ ሳምንቱን ሁሉ ስፈልግ ሰነበትኩ፤ አላገኘሁም። የተቀበረ ሰው እሑድ የለውም። ይህን አለሳልሼ ብነግራችሁ አታለልኳችሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ አብሬያችሁ ከማልቀስ በቀር የምለው የለኝም።

ያልረፈደባችሁ ግን ስሙኝ። የሚጠብቃችሁ ሰው በምን እንደምትመጡ አልጠየቀም። ምን ይዛችሁ እንደምትመጡም አልጠየቀም። እናንተ ናችሁ ስጦታ የጨመራችሁበት፣ እናንተ ናችሁ ያከበዳችሁት። ቤት ገብታችሁ ልብስ ሳትቀይሩ፣ ገበያ ሳትዞሩ፣ ባዶ እጃችሁን፣ በእግርም ቢሆን ሂዱ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ቅዳሴውም አልቋል።