ቀንድ አውጣና የደፈረሰው ገንዳ

ስሙኝማ ጎረቤቶች፤ ተረቴ አጭር ናት፣ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች።

አንዲት ድመት ዓሣ ልትሰርቅ የሰው ቤት የመስታወት ገንዳ ላይ ዘላ፣ የዓሦቹን ምግብ ከነጣሳው ውሃው ውስጥ ደፋችው። ውሃው ወተት መሰለ፤ ዓሦቹን ትንፋሽ አጠራቸው። ባለቤትየው ውሃውን በባልዲ ቢቀይርም፣ ድንጋዩ ሥር የተወሸቀው ምግብ እየበሰበሰ መልሶ አደፈረሰው።

"ምሳ ልጋብዛችሁ ብዬ እኮ ነው!" አለች ድመት።

እዚያው ገንዳ ውስጥ የምትኖረው ቀንድ አውጣ ግን ድንጋዩ ሥር ገባች። እጅ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ምግብ ሁሉ አሥር ቀን ሙሉ ስትለቅም ከረመች። በአሥራ አንደኛው ቀን ውሃው ጠራ፤ አንድም ዓሣ አልሞተም።

ዓሦቹ ከበዋት፣ "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጡት? ዕድሜ ይስጥልን!" አሏት።

"ርቦኝ ነበራ!" አለች።