ዘማሪዋ ወፍና ቀርፋፋዋ እስስት

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ የሚፈራ ደግሞ ከጎኔ ይቀመጥ።

አንዲት ዘማሪ ወፍ ትልቅ ዋንዛ ላይ ሦስት ጫጩቶች ነበሯት። አንድ ጠዋት እባብ በግንዱ ሲወጣ አየች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባቡ እንዲወርድላት።

ከጎጆዋ በላይ፣ ዛፉ ላይ ከተሰቀለ የማር ቀፎ አጠገብ፣ ጭስ ይጨሳል።

«ጭስ ሆይ፣ እባቡን አባርልኝ!»

«እኔ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄድም። የያዘኝን ሰው ለምኚ።»

የሚጨሰውን ችቦ የያዘው ማር ቆራጩ ጃለታ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ ጃለታ፣ ዝቅ ይበሉልኝ! ጭሱ እባቡን አላባርር አለ፤ እባቡ ወደ ጫጩቶቼ ይወጣል!»

«ገመዱ ሳይላላ እንዴት ብዬ? እንዳንቺ ክንፍ አለኝ?»

እባቡ አንድ ክንድ ወጣ።

«ገመድ ሆይ፣ ላላ በል! ጃለታ ዝቅ አልል አለ፤ ጭሱ እባቡን አላባርር አለ፤ እባቡ ወደ ጫጩቶቼ ይወጣል!»

«ጫፌ ያለው በሚስቱ በብርቄ እጅ ነው።»

ብርቄ ከታች ቆማ፣ ገመዱን ግንዱ ላይ አዙራ በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«እትዬ ብርቄ፣ ይልቀቁት! ገመዱ አልላላ አለ፤ ጃለታ ዝቅ አልል አለ፤ ጭሱ እባቡን አላባርር አለ፤ እባቡ ወደ ጫጩቶቼ ይወጣል!»

«ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ! አምና የጃለታ ወንድም ከዚሁ ዛፍ ወድቆ ሞቷል። ለወፍ ብዬ ባሌን ልጣል?»

እባቡ ሌላ ክንድ ወጣ። ጫጩቶቹ ጮኹ።

ከብርቄ አጠገብ ቅጠል ውስጥ እስስት አለች። በዚያ መንደር፣ እስስት ጥርሱን የቆጠረችበት ሰው ጥርሱ ይረግፋል ይባላል።

«እስስት፣ ብርቄ ፊት ውጪልኝ! ብርቄ ገመዱን አልለቅ አለች፤ ገመዱ አልላላ አለ፤ ጃለታ ዝቅ አልል አለ፤ ጭሱ እባቡን አላባርር አለ፤ እባቡ ወደ ጫጩቶቼ ይወጣል!»

«እሺ» አለች እስስት። እሺ ያለች እሷ ብቻ ናት። አንድ እግር አነሳች፤ ተወዛወዘች፤ እግሯን መለሰች። ወፏ እስከዚያው ዛፉን ሦስት ጊዜ ዞረች።

«ኧረ ቶሎ በይ!»

«አንቺ ቶሎ ብለሽ ሁሉም ጋ ደረስሽ። እባቡ ወረደ?»

እባቡ የጎጆውን ጠርዝ ነካ። እስስት እግሯን አሳረፈች። ሌላውን አነሳች። አሳረፈች።

ብርቄ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ወይኔ ጥርሴን!» ብላ በሁለት እጇ አፏን ሸፈነች።

ብርቄ ገመዱን ለቀቀች፤ ገመዱ ላላ፤ ጃለታ «ገደልሽኝ!» እያለ ቁልቁል ተንሸራቶ ጎጆው አጠገብ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ዱብ አለ፤ ጭሱ አብሮት ወረደ፤ እባቡ ታፍኖ ወረደ፣ ጫካው ውስጥም ጠፋ።

ወፏ ጫጩቶቿን ቆጠረች፤ ሦስት። ልትዘምር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ሦስቱንም በክንፏ ሸፈነቻቸው።